ሃዳ ኬኔ፣ አኖ

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አኖ ከተማ ውስጥ፣ ኸይሪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ጥቁር ክር ልትበደር ወደ ጎረቤቷ የስፌት ቤት ገባች። የስፌት መኪናው ላይ ግማሹ የተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም ተንጠልጥሏል። የከሰል ካውያው ተገልብጦ ፍሙ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ሥር በጎኗ ወድቃለች፤ ፀጉሯ በደም ርሷል። ኸይሪያ አልጮኸችም። ፍሙ ላይ ውኃ ደፋችበት፣ ባለ ባጃጅ ጠርታ ሴትዮዋን አስጫነች፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

ከነቀምቴ የመጣው ኢንስፔክተር ደረሳ ይህንን ቅደም ተከተል ሁለት ጊዜ አስደገማት።

«ፖሊስ ሳትጠሪ ትምህርት ቤት ለምን ሮጥሽ?»

«ልጅቷን ሊወስዳት ነዋ የመጣው።»

«ማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አንተ አይደለህ ያመጣሃቸው?»

እሱ ነበር ያመጣቸው። ከስምንት ወር በፊት ልብስ ሰፊዋ ድርቤ ከኑኑ ቁምባ ጠፍታ ነቀምቴ ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ የአንገቷ አጥንት ለሁለተኛ ጊዜ ተሰብሮ ነበር። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አስታርቀው ወደ ባሏ ወደ ጂሩ መልሰዋታል። ሦስተኛው ላይ ደረሳ መዝገብ ከፈተ፤ ቁጥሩ 114 ነው። እሷንና የሰባት ዓመት ልጇን ኬኔን በራሱ መኪና አኖ አድርሶ ከኸይሪያ ቤት ተከራየላቸው። ሲም ካርዷን አስቀየራት። ስሟንም ወለቴ አለችው፤ ግን ወለቴ ብሎ የጠራት ሰው የለም። በዚያ አገር ልጅ ያላት ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። መንደሩ በሁለተኛው ቀን ሃዳ ኬኔ አላት፤ የኬኔ እናት።

አኖ እንዳለች የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ። ራሷ ድርቤ፣ ነቀምቴ ያለችው እህቷ ሜቲ፣ ኸይሪያ፣ ደረሳ። አንደኛዋ አሁን ራሷን ስታ ሆስፒታል ተኝታለች። አንዱ እሱ ነው። ሁለት ቀሩ።

ሳጅን ኩማ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የልክ ደብተሩን አነሳ። ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው፣ ነገርን ሁሉ በቀልድ የሚጀምር ሰው ነው።

«እየው ይሄን። የመጨረሻው ገጽ። የዛሬ ቀን አለ፤ የሰውየው ስም የለም፣ የመረከቢያ ቀን የለም። ትከሻ 44፣ ደረት 96፣ ወገብ 80፣ ቀኝ እጅጌ 62፣ ግራ እጅጌ 57።»

«ምን ይላል ይሄ?»

«ሰፊ ሁለቱን እጅጌ ለይቶ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። አንዱን ለክቶ ይበቃዋል።»

«ቸኩላ ተሳስታ ይሆናል» አለ ደረሳ። ገጹን ግን ፎቶ አነሳው።

ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው፤ የደዋይ ስም የሚያወጣው አፕ ከቁጥሩ በላይ «ሲስተር ሌንሳ፣ ድንገተኛ» የሚል ስም አወጣ። ነርሷ ድርቤ እንዳልነቃች፣ ግን በራሷ እንደምትተነፍስ ነገረችው።

«ሴትዮዋ ስሟን ሳትነግርህ አፑ ነገረህ» አለ ኩማ።

«ለዚህ ነው ጫኑት ያልኳችሁ። ስንት እየዛተ የሚደውል ሰው ማንነቱ የታወቀው በዚህ ነው።»

«እኔ አልጭንም። በሰው ስልክ ውስጥ ምን ተብዬ እንደተጻፍኩ ማወቅ አልፈልግም።»

ደረሳ ቻይና ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ ተምሮ የመጣ ነው። ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው አንድ ኮምፒውተር የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። ለምን እንደተመለሰ የሚጠይቁት ሰዎች አሉ። እሱም አልፎ አልፎ ይጠይቃል።

ኬኔ በኸይሪያ ሱቅ ጓሮ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ተቀምጣ ነበር። ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም።

«ስምሽ ማነው?» አላት፤ ለማጫወት ያህል ነው።

«ኬኔ ጂ… ኬኔ።»

«እናትሽ ስምሽን ቀይሪ ብላሽ ነበር፤ አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን አልቀየርሽም?»

«በሌላ ስም ሲጠሩኝ አልሰማም።»

ደረሳ ወደ ኸይሪያ ዞረ። «ስልክሽን አሳይኝ።»

ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣች። የስም መዝገቡ ባዶ ነው።

«ደንበኞችሽን እንዴት ትለያቸዋለሽ?»

«ቁጥሩን በጭንቅላቴ ነዋ የምይዘው። ሃያ ዓመት ነገድኩ። ሰው ስልኬን ቢሰርቅ ምን ያገኛል? ጭንቅላቴን አይሰርቅ።»

«ለማን ነገርሽ? ለባልሽ? ለእህትሽ?»

«ወላሂ ለጥላዬም አልነገርኩ። ስማ ኢንስፔክተር፤ እኔን ጠርጥረኝ፤ ሥራህ ነው። ይቺን ልጅ ግን ዛሬ የት ታሳድራታለህ? እሱን ንገረኝ። የእናቷን መንገድ የነገራቸው ሰው የእሷንም ይነግራቸዋል።»

ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ማን እንደ ነገረ ሳይታወቅ ልጅቷ የምትደበቅበት ቦታ የለም። ከነቀምቴ ባኮ አንድ መንገድ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሌላው ዘመድ፣ አማች ወይም አበልጅ ነው።

ኩማ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲሬ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ። አራቱን ልጆቼን አስተምረዋል። የሸዋ ሰው ናቸው፤ በዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፣ ወሬም አይወዱም። ጂሩ በስምም አያውቃቸውም።»

በዚያው ከሰዓት ወሰዷት። የሴትዮዋ ቤት ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር ተያይዞ ነበር። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ልጅቷን አይተው ምንም አልጠየቁም። «ማባዛት ደርሰሻል?» ብቻ አሏት። ደረሳ ቁጥራቸውን እንደ ልማዱ በስልኩ መዘገበ፦ ስም፣ ጉዳይ፣ ቦታ፣ የመዝገብ ቁጥር። በዘጠኝ መቶ ስም መካከል ሰው የማይጠፋበት በዚህ ነው።

ማምሻውን ነቀምቴ ገቡ። የድርቤ እህት ሜቲ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ዓይኗ አብጧል፤ ከሆስፒታል መመለሷ ነው።

«ስልኬን ፈትሽ» አለችው ሳይጠይቃት። የእህቷን ቁጥር የመዘገበችው «ኪኒን አከፋፋይ» ብላ ነበር። «ባሌ እንኳ አያውቅም። ተረፋ አፉ አያርፍም፤ ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ ወሬና ሰው አንድ ላይ ነው የሚጭነው።»

ተረፋ በዚያው ደረሰ። ወፍራም፣ በሚያመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የዲያቆናት ጉባኤ አባል የሆነ፣ በቀኝ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኢንስፔክተር። ምን ዓይነት ጉድ ነው የመጣብን?»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ጊምቢ። ሁለት ዙር።»

ውጭ ሲወጡ ኩማ ዝግ ብሎ አለ፦ «የአኖ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ለእኔ ሌላ ነው የነገረኝ። የተረፋ ሚኒባስ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አኖ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ አልነበረበትም።»

«አሁን እንያዘው?»

«ዛሬ የት ይሄዳል? ነገ መጀመሪያ ባልየውን እንየው። ባልየው ካለ አማቹን ለምን እናሸማቅቃለን?»

ዓርብ ጠዋት ኑኑ ቁምባ ደረሱ። ጂሩ ከአዲስ ቤት ማገር ላይ ሆኖ ሚስማር ሲመታ አገኙት። ለአንድ ሽማግሌ ቤት ሊሠሩ መንደሩ ደቦ ወጥቷል፤ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰውየው ሳይቸኩል ወረደ፤ እጁን ታጥቦ ጨበጣቸው።

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ማገር ላይ። እነዚህን ሰዎች ጠይቅ።»

ሠላሳ ሰው ነበር። ሠላሳውም መሰከረ። የደቦው መሪ ሽማግሌ ተቆጡ። «አባ ኬኔ ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማታ ከዚህ አልወረደም። ምሳ እንኳ ላዩ ላይ ነው የሰጠነው። ምንድነው ያደረገው?»

«ሚስቱ ተመትታለች።»

ጂሩ የጠየቀው ስለ ሚስቱ አልነበረም። «ልጄስ? ልጄ የት ናት?»

«ደኅና ናት።»

«የት?»

ደረሳ ሜትር አወጣ። ኩማ ሳቁን ዋጠ። «እጅህን ዘርጋ» አለው ደረሳ። ሁለቱም እጆቹ 64 ነበሩ። ደቦው ሁሉ ቆሞ ተመለከተ።

«ኮት ልትገዛልኝ ነው?» አለ ጂሩ፤ ሰዎቹ ሳቁ። በሳቁ መካከል ጠጋ ብሎ፣ ለደረሳ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ። «አንተ ደበቅክብኝ። ሰው ግን ሰው መሃል ነው የሚደበቀው። ሰው ደግሞ ይጠራዋል።»

ሲመለሱ ደረሳ ይህንን ዓረፍተ ነገር እንደ ድንጋይ ጫማው ውስጥ ይዞት መጣ። ኩማ መሪውን እንደያዘ አየት አደረገው።

«ያ ሰው የዛተብህ መስሎሃል?»

«የነገረኝ ነው የመሰለኝ። ምን እንደነገረኝ ግን አልገባኝም።»

ተረፋን ከሰዓት በኋላ ቤቱ አገኙት። ሜቲም አለች። ደረሳ አልዞረበትም።

«ትናንት ጊምቢ አልነበርክም። አኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

ሜቲ ባሏን አየችው። «አኖ? አንተ አኖ?»

«ሜቲ፣ ቆይ…»

«እህቴን አንተ ነህ የሸጥካት?»

«እኔ እህትሽ አኖ እንዳለች መች አወቅሁ!» ሰውየው ወንበር ላይ ተዘረፈጠ፤ ላቡ ወረደ። «እግሬ። እግሬን ብዬ ነው። ሐኪሙ ሁለት ዓመት መርፌ ወጋኝ፣ አልተሻለኝም። ከአኖ ወጣ ብሎ አንድ… አንድ ሰው አለ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

ተረፋ መሬት መሬት እያየ አጉተመተመ። ኩማ ነው የገባው። «ቃልቻ ቤት ሄደ» አለ። «ዲያቆኑ ቃልቻ ቤት ሄደ።»

«ለጉባኤው እንዳትነግሩብኝ። በልጆቼ።»

«የሚመሰክርልህ አለ?»

«አርባ ሰው ተሰልፎ ነበር። ግማሾቹን እኔ ነኝ ያደረስኳቸው። ሦስቱ ከእኛው ምዕመን ናቸው፤ ተያይተን እንዳልተያየን ሆንን።»

እንዲህ ያለ ውሸት ማንም ራሱ ላይ አይፈጥርም። ሜቲ ግን ገና አልበረደችም። «ስትመለስ ምን አየህ? ማንን አየህ? ተናገር።»

«ማንንም። መናኸሪያው ባዶ ነበር። ከኋላው ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እየሮጠ የሲሬ መኪና ላይ የተሳፈረ። ጃኬቱ አዲስ ነው፤ ግራ እጅጌው ታጥፏል። እንዴት ያለ ልብስ አለባበስ ነው ብዬ…»

ሜቲ ወንበሩን ጨበጠች። «ፊራኦል» አለች።

«ማነው ፊራኦል?»

«የጂሩ ታናሽ። ልጅ ሆኖ ከዋንዛ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ አጥሮ ቀረ። የገዛውን ልብስ ሁሉ አንዱን እጅጌ ያጥፋል። ነቀምቴ እንጨት ቤት ነው የሚሠራው።»

ደረሳ የደብተሩን ፎቶ አሳያት። ሜቲ ቁጥሮቹን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደብተሩን ሐሙስ ማታ አሳይቷት ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየው ያን ሌሊት እስር ቤት ባደረ ነበር። ስህተት ይሆናል ያለው እሱ ነው። ቢሮው ውስጥ ቁጥር የሚያነበው እሱ፤ ቁጥር ያላመነውም እሱ።

ዓርብ ማታ ፈልገው ያጡትን ፊራኦልን ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ቤቱ ሲከፈት ያዙት። አልሮጠም። የልክ ደብተሩን ሲያሳዩት ረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ኮት ልስፋልህ አለችኝ» አለ። «አስታራቂ ሆኜ ነው የመጣሁት ስላት፣ እሺ፣ መጀመሪያ ልለካህ አለችኝ። እጄን አስዘርግታ እየለካች ትጽፋለች። ደግ ሆነች ብዬ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ልጅቷ የምትማረው የት ነው አልኳት። አልነግርህም አለች። ደጋግሜ ጠየቅኋት። ካውያው አጠገቤ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ልገድላት አልነበረም። ወንድሜ ልጁን ብቻ ነበር የፈለገው።»

«አኖ እንዳለች ማን ነገራችሁ?»

«ማንም።»

«ኸይሪያ ናት?»

«እሷን አላውቃትም።»

«ሜቲ ናት? ንገረኝ፤ ለራስህ ነው።»

ፊራኦል የሚያዝንለት መሰለ። «ኢንስፔክተር፣ ማንም አልነገረንም ስልህ። ስልኬ እጅህ ላይ ነው፤ ክፈተው። ጂሩ የላከልኝን ፎቶ እየው።»

ደረሳ ከፈተው። የዚያ ስም የሚያወጣው አፕ ገጽ ነበር፤ በቁጥር ሳይሆን በስም የተፈለገበት። ላይ ላይ «ሃዳ ኬኔ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ሰዎች በስልካቸው የመዘገቧቸው የኬኔ እናቶች ተደርድረዋል፤ ሃዳ ኬኔ ጊምቢ፣ ሃዳ ኬኔ ወተት፣ ሃዳ ኬኔ ባኮ መምህርት፣ አሥራ አንድ ሴት። ጂሩ ለአፑ በወር መቶ ብር እየከፈለ በየሳምንቱ ሲፈልግ ኖሯል። ከላይ ጀምሮ በተራ ደውሎላቸዋል፤ የሚስቱን ድምፅ እስኪሰማ።

ዘጠነኛዋ ላይ ቀይ ክብ ተስሏል። «ሃዳ ኬኔ አኖ 114» ይላል።

ደረሳ ገጹን እንደያዘ ቀረ። ውጭ መጋዝ ይጮኻል። ኩማ ወደ ትከሻው ጎንበስ ብሎ አነበበ። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ቀልድ አያጣም ነበር።

የመዝገብ ቁጥር ከስም ኋላ የሚጽፍ ሰው በወለጋ አንድ ብቻ ነው። አፑን ሲጭን አንድ ጥያቄ ጠይቆት ነበር፤ የስም ዝርዝርህን ልይ? እሺ የሚለውን ተጫነ። ማንም ነው የሚጫነው። አፑ ዘጠኝ መቶውንም ስም ወሰደ፤ የከሳሹን፣ የምስክሩን፣ የጠቋሚውን፣ ተደብቀው ያሉትን። ያቺ በባለ ቁልፍ ስልክ የምትነግደው ኸይሪያ ቁጥሩን ጭንቅላቷ ውስጥ ቆለፈችው። ሜቲ በኪኒን ሸፈነችው። በሥርዓት፣ ከነከተማዋ፣ ከነልጇ ስም ጽፎ አደባባይ ያወጣት የተማረው ሰው ነው።

«ሌላም አለ» አለ ፊራኦል ቀስ ብሎ። «ዝቅ በል። ትናንት ማታ የላከልኝ ነው።»

ዝቅ አለ፤ አሁን የተፈለገው «114» ነው። «ሸዋጌጥ ኬኔ ሲሬ 114»።

«ጂሩ የት ነው?»

«ዛሬ በጠዋት ወጥቷል።»

ኩማ መኪናውን ሲያስነሳ ደረሳ ሲሬ ይደውል ነበር። የሲሬ ፖሊስ ስልክ አይነሳም። የወይዘሮ ሸዋጌጥ መስመር ተይዟል። የጉቴን ዳገት ሲያልፉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ አነሱት።

«አቤት ልጄ፣ አሁን ስለ አንተ ነበር የማወራው።»

«ከማን ጋር?»

«ከላክኸው ሰውዬ ጋር። ለልጅቷ ልብስ ይዣለሁ፣ ቤቱ ጠፋኝ ቢለኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ብዬ…» ድምፃቸው ቆመ። «አልላክህም እንዴ?»

«አልላክሁም። አባቷ ነው። በጓሮ በኩል ይዘዋት ይውጡ፤ ሰው ያለበት ቦታ ይግቡ።»

«ሰው ያለበት…» ከበስተጀርባቸው ከበሮና የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። «ኳየሩ እየተለማመደ ነው። ደግሞ እኔ እዚያ ገብቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ይግቡ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር። ኩማ ፊት ለፊት ያለ የጭነት መኪና መቅደም በተከለከለበት መስመር ላይ ቀደመ። ደረሳ ደግሞ ደወለ፤ አይነሳም። ልጅቷ ሰው መሃል ትሁን ብሏል። ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ግን ያውቃል። አባት መጥቶ ልጄን ስጡኝ ሲል አባቷ ነው፣ ስጡት ይላሉ። ሽማግሌዎቹ እናቷን የመለሱትም እንዲሁ ብለው ነው። ክፋት የለባቸውም።

ሲሬ ሲደርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር እየወጣ ነበር። ደረሳ በሩ ላይ ቆመ።

ከፊት ሠላሳ የሚሆኑ ዘማሪዎች አሉ። በመካከላቸው፣ እስከ ወገባቸው የምትደርስ ኬኔ፣ የማታውቀውን ግጥም አፏን ከፍታ ዝም ብላ ትከተላለች። ከአጠገቧ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እንደ ግንብ ቆመዋል። ጂሩ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። በፌስታል የታሸገ የልጅ ልብስ ጭኑ ላይ አለ። እጆቹ ተጣምረዋል።

መዝሙሩ ሲያልቅ ጂሩ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። የኳየሩ መሪ፣ ነብዩ የሚባል ቀጭን ወጣት፣ ወደ ኋላ ሳያይ እጁን አነሳ፤ ከበሮው ያንኑ መዝሙር ከመጀመሪያው ጀመረ። ጂሩ ተመልሶ ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነው፤ በጌታ ፊት መዝሙር አቋርጦ አያውቅም።

«ስንተኛው ነው?» ሲል ኩማ በሩ ላይ የቆመችውን የጽዳት ሠራተኛ ጠየቃት።

«ዘጠነኛው። ምን እንደነካቸው እንጃ። አሮጊቷ መሪው ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ነገሩት፤ ከዚያ ወዲህ አላቆሙም።»

ደረሳ በአግዳሚዎቹ መካከል ሄዶ ከጂሩ አጠገብ ተቀመጠ። ካቴናውን ከፌስታሉ ሥር አስገብቶ እጁን ያዘው። ሰውየው አልታገለም።

«ልጄን ላያት መጣሁ» አለ። «ቤተ ክርስቲያን መቀመጥ ወንጀል ነው?»

«ተነስ።»

«መዝሙሩ ይለቅ።»

አሥረኛው እስኪያልቅ አብረው ተቀመጡ።

ድርቤ እሑድ ከሰዓት ነቃች። ራሷ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ አንድ ዓይኗ አይገለጥም። ኬኔ እግሯ ሥር ተኝታለች። ደረሳ ፊራኦልም ጂሩም እንደ ተያዙ ነገራት። የጻፈችው ልክ ፊራኦልን እንዳሳያቸው ነገራት።

«ስም ብጽፍ ያየዋል» አለች። ቃሏ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። «ልክ ሲለካ ሰው አይጠራጠርም። እንደ ሕፃን ዝም ይላል። መሞቴ ነው፣ ቢያንስ የክንዱን ልክ ትቼ ልለፍ ብዬ ነው።»

«አልሞትሽም።»

«ማን ነገረው?»

ይህንን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። በመንገድ ላይ ብዙ አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ አፑ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኩባንያው። ሁሉም ጥፋቱን ከራሱ ላይ የሚያወርድ ሆኖ ታየው።

«እኔ» አለ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አስረዳት።

ድርቤ አቋርጣ አልጠየቀችም።

«አሁን ጠፋ? አጠፋኸው?»

«ከስልኬ አጠፋሁት። ለኩባንያውም ጻፍኩ፤ ጥያቄዎ ደርሶናል የሚል መልስ መጣ። ዛሬ ጠዋት በሲስተር ሌንሳ ስልክ ፈለግሁት። አሁንም አለ።»

«ሃዳ ኬኔ አኖ?»

«አዎ።»

ድርቤ እጇን ዘርግታ የልጇን እግር ያዘች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይቀለው ነበር።

ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ፊራኦል እስር ቤት ቀረ፤ ጂሩ በዋስ ወጣ። ሠላሳ ሰው በማገር ላይ ያየው፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የተያዘ አባት ነው። መልእክቶቹን ወንድሜ በራሱ ነው የተረጎማቸው አለ። በዚያው ቀን ከሰዓት ድርቤ በነቀምቴ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የእጅ ስፌት መኪና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ፣ ልጇን ይዛ ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ ለእህቷም አልተናገረችም። ሻንጣውን ያመጣላት ደረሳ ነው።

«ያን የድሮ ቁጥሬን በቃልህ ታውቀዋለህ?» አለችው።

«አላውቀውም።»

«ጥሩ። አዲሱን አልሰጥህም።»

«ቢመጣብሽስ? ማንን ትጠሪያለሽ?»

«እንጃ» አለች። «ለምጠራው ሰው ቁጥሬን መስጠት አለብኝ። ቁጥሬን ከሰጠሁ ጂሩም ያገኘኛል። አንተ የተማርከው ይሄን አይደለም እንዴ? መውጫውን ካገኘኸው አስቀምጥልኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለች መሰለ፤ ፋሻው ስለያዘው አልታወቀም። «አሁን ዙር። መኪናውን እንዳታይ።»

ደረሳ ዞሮ ፊቱን ወደ ግንቡ አደረገ። ከጀርባው ረዳቶች የከተማ ስም ይጠራሉ፤ ጊምቢ፣ በደሌ፣ ሻምቡ፣ ባኮ፣ ነጆ። ሻንጣዋን የሚቀበለው የየትኛው ከተማ ረዳት እንደሆነ በድምፁ ሊያውቅ ይችላል። ሁለት ጣቶቹን ጆሮዎቹ ውስጥ ከተተ።

የፖሊስ ልብስ የለበሰ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ግንብ ላይ ተደግፎ ሲያዩ ሰዎች ቆሙ። አንዲት የቆሎ ነጋዴ ሳቀች። አንዱ ጠጋ ብሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አሞሃል ወይ የሚለው ይመስላል። ደረሳ ራሱን ነቀነቀ፤ ጣቶቹን አላወጣም። የናፍጣ ጭስ ሸተተው፤ መሬቱ ከጫማው ሥር ተንቀጠቀጠ፤ አንድ መኪና ወጣ፣ ከዚያ ሌላ። እሱ ዓይኑንም ጨፈነ።